የጥየቃ ክኒን

በሽተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅም። ይህን የማያውቅ ካለ ታሞ አያውቅም ማለት ነው። በደጉ ጊዜ ሰው ስኳር ይዞ ይሄድ ነበር፤ ስኳር ከገበሬ ማኅበሩ ሱቅ ከጠፋ ወዲህ ግን እኛ የአርብ ገበያ ሰዎች ሌላ ዘዴ አገኘን፤ ከራሳችን በሽታ የተረፈ ክኒን። የእኔን ሕመም ያሻለ የአንተን ለምን ያቅተዋል? ደግሞም አይከብድም፤ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ይመጣል።

ጎረቤቴን አያ ፈንታን በአጨዳ ወገባቸውን ሲይዛቸው አገሩ ሁሉ ቋጠሮውን ፈታ። ነጩ መጣ፣ ቢጫው መጣ፣ ወዙ የጠፋ አሮጌም መጣ። አያ ፈንታ የሰው እጅ የማይመልሱ ጨዋ ናቸውና የመጣውን ሁሉ ጠያቂው ፊት ዋጡ። ወገቡ ተወት አደረጋቸው። ከዚያ ፊታቸው አበጠ፤ ሽንታቸውም እንደ በጋ ምንጭ ጠብታ ሆነች።

ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለው ጤና ረዳት የዋጡትን ሲሰማ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«አያ ፈንታ፣ ኩላሊትዎ ውስጥ ኢንዛይም የሚባሉ ሠራተኞች አሉ። አንዳንዱን ማስታገሻ ከኦክስጅን ጋር አገናኝተው ይለውጡታል። ትንሽ ሲሆን የሚወጣውን ፍንጣሪ ሰውነት ያጠፋዋል፤ እንዲህ ሲበዛ ግን ፍንጣሪው ኩላሊቱን ራሱን ያነደዋል። ከእንግዲህ አንዲት ክኒን ቢደግሙ እኔን አይጥሩኝ፤ የነፍስ አባትዎን ይጥሩ።»

አብሮን የመጣው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጆሮው ቆመ። «እንግዲያው አሻጥረኞቹ ውስጥ ናቸዋ!»

«አሻጥር አይደለም፣ ጓድ። የታዘዙትን ነው የሠሩት። ሥራ ያበዛንባቸው እኛ ነን።»

ሊቀመንበሩ አንገቱን ደፋ። በስብሰባ ያደከመን ትዝ ብሎት መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ለስብሰባ ጠራን።

የአያ ፈንታ እብጠት ቀስ እያለ ጎደለ። ልጠይቃቸው በሄድኩበት ቀን አንዲት ጎረቤት ገብታ ነጠላዋን ፈታች።

«አያ ፈንታ፣ ይችን ይዋጡ። ለኩላሊት ፍቱን ናት አሉ።»

የባለቤታቸው ፊት ዐመድ መሰለ። ወይ ሴትዮዋ ትቀየማለች፣ ወይ የነፍስ አባት ይጠራሉ። አያ ፈንታ ግን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ መረቁ፤ «እህል ስቀምስ ትሁነኝ» ብለው ትራሳቸው ሥር አኖሯት። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ወጣች።

ወዲያው ክኒኗን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ቆሜ ሳስተምር ወገቤን ያመኛል ስትል አልነበር? እንካ።»

የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። የኩላሊቱንም የፍንጣሪውንም ነገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን እናንተ ብትሆኑ የበሽተኛ እጅ ትመልሳላችሁ? ብድግ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

እስካሁን ኪሴ ውስጥ ናት። ልጥላት ነበር። ግን ርእሰ መምህራችን ታሞ ተኝቷል አሉ፤ መጠየቁ አይቀርም።