በማኅተም የሞላ ታንክ

ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ካለ ዓይን ምን ይሠራል? እኔ በመታወቂያዬ መሠረት ከታናሽ ወንድሜ በሁለት ዓመት አንሳለሁ። ላስተካክል ብሄድ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወረቀቱን አየች፣ ሽበቴን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን አየችና ያለ ዕድሜዎ ሸብተው ይሆናል ብላ አጽናናችኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ግን በእሷ ለመፍረድ ምን አፍ አለኝ? እኔ ራሴ የገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ፤ ማኅተሙ የሚቆለፍበት ሣጥን ቁልፍም ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

ማኅበራችን ከቆቃ ወዲህ ያሉ ገበሬዎች ተዋጥተው ያቋቋሙት ነው። ዘንድሮ እንደምንም ብለን ትራክተር ገዛን። ትንሽ ናት፣ ግን ቀይና አዲስ። የመጣች ዕለት ናፍጣ እስከ አፏ ተሞላች፤ ኮሚቴው ቆሞ አይቶ «ታንኩ ሙሉ መሆኑን አረጋግጠናል» ብሎ ፈረመ፤ እኔም ማኅተሜን አሳረፍኩ። ከዚያ ወዲያ ትራክተሯ አንድ ክንድ መሬት ሳታርስ ሁለት ሳምንት በሸራ ተሸፍና ተቀመጠች። ለምን አትሉም? የክብር እንግዳው ከአዳማ መጥተው ሪባን እስኪቆርጡላት ነዋ! ያልተመረቀ ትራክተር እንዴት ብሎ ያርሳል?

ዝናቡ ግን ሪባን የሚጠብቅ ዓይነት አልነበረም። በዚህ የተጨነቁት አዴ ሸጊቱ ናቸው፤ የመጀመሪያው የእርሻ ዕጣ የወጣው ለእሳቸው ነበር። ትራክተር አለልዎት ብለን ስለነገርናቸው ሊያርስላቸው የተስማማውን ባለ በሬ መልሰውታል፤ እሱም ለሌላ ሰው ገብቷል። መሬታቸው ደግሞ አሸዋማ ነው፣ እርጥበት አይዝም። የምረቃው ዕለት ጠዋት ከማሳቸው አፈር ዘግነው መጡና መዳፌ ላይ አደረጉት። ዛሬ ካልታረሰ የዘንድሮን ጤፍ እርም ብያለሁ አሉኝ። እኔም መርሐ ግብሩን ገልጬ፣ ልክ አምስት ሰዓት ላይ፣ ከንግግሮቹ በኋላ እንደሚታረስላቸው በጸሐፊነቴ አረጋገጥኩላቸው።

መብራት የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ ከድንኳናችን በር ላይ ሆነው ቢያዩት ይታያል። እኛ ዘንድ ግን ሞንታርቦው ገና ከመተከሉ መብራት ጠፋ። ያለ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ምን ምረቃ አለ? ከመንገድ ሠሪዎች ትራክተሯን የሚያህል ጀነሬተር ተዋስን፤ ሆዱ ባዶ ነበር። ጥበቃችንን ቶላን ጠራሁና ናፍጣ ከየትም ፈልገህ አምጣ አልኩት። ቶላ ታዛዥ ሰው ነው፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጀነሬተሩ ማጓራት ጀመረ። ከየት አመጣኸው ብዬ አልጠየቅኩም። ጥሩ አለቃ ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

እንግዳው ትራክተሯ የአካባቢውን ታሪክ እንደምትቀይር ተናገሩ፣ ሪባኑን ቆረጡ፣ ወጥተው ተቀመጡና ቁልፉን አዞሩ። ሞተሪኖው እኝ፣ እኝ፣ እኝ አለ። ሞተሩ ግን አልተነሳም። ደገሙ፣ ሠለሱ፤ ያው እኝ ነው። ሰው ማጉረምረም ሲጀምር፣ ችግሩ እስኪታይ ጥቂት ቃል ይጨምሩልን ብዬ ማይኩን መልሼ ሰጠኋቸው። ጥቂት ቃል የሚባል ነገር እንደሌለ እያወቅኩ።

ከዚያማ አዋቂው በዛ። አንዱ ብርድ መቷት ነው አለ፤ በዚያ አናት በሚበሳ ፀሐይ! ሌላው የሰው ዓይን ነው አለ። ባትሪው ደክሟል ተባለና ከእንግዳው መኪና ጋር በሽቦ ተያያዘ፤ እኝታው ብቻ ጎላ። ከአዳማ ያስመጣናቸው ሜካኒክ ጋሽ ወርቁ ፊልትሮውን ፈተው፣ ነፍተው፣ መልሰው አሰሩ። በመጨረሻ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ ለመሆኑ ናፍጣ አላት? ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ተቀየማቸው። ሊቀመንበራችን ኦቦ ገመቹ ከኮታቸው ኪስ ቃለ ጉባኤውን አወጡና ማኅተሙን በጣታቸው እየመቱ አሳዩአቸው። ጋሽ ወርቁ በበኩላቸው የነዳጁን ጌጅ አመለከቱ፤ መርፌዋ ባዶ ላይ ተኝታለች። ኮሚቴው እዚያው በቁሙ ተሰበሰበ፤ ጌጁ ተበላሽቷል ሲልም በሙሉ ድምፅ ወሰነ። እኔም መዘገብኩ። ጋሽ ወርቁ በሙያው ያረጁ ሰው ቢሆኑም ከማኅተም ጋር ምን ብለው ይሟገታሉ? ፊልትሮውን እንደገና ይፈቱ ጀመር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሞንታርቦው ስለ ትራክተሯ ጉልበት ያወራል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? እሷን እየጠጣ እሷን ያወድሳል። ንግግሩ በረዘመ ቁጥር የአዴ ሸጊቱ እርሻ እያጠረ ነበር።

ስምንት ሰዓት ሲሆን አዴ ሸጊቱ ከጥላው ተነሡ። ከአጥሩ ቀጭን እንጨት ሰበሩ፣ የታንኩን ክዳን ከፈቱ፣ ቤታቸው የበርሜል ውኃ እንደሚለኩ ሁሉ እንጨቱን ሰደዱና አወጡት። ደረቅ ነው። ለኦቦ ገመቹ ሰጡ፤ ኦቦ ገመቹ ለኮሚቴው፣ ኮሚቴው ለእኔ። ማኅተም የሌለው ማስረጃ ስለሆነ ምን እንደማደርገው ግራ ገባኝ። ያኔ ቶላ፣ እሱ ደግሞ ሲጠየቅ አይዋሽም፣ «ጸሐፊው ከየትም አምጣ ሲሉኝ ከቅርቡ አመጣሁ» አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«ማል ጎና?» አሉ ኦቦ ገመቹ፤ ምን እናድርግ ነው። ሞጆ ሄዶ ናፍጣ መቅዳት አለ፤ ግን ሰልፍ አለው፣ ለጀሪካን ደግሞ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ማኅተም ያለው። ቅርብ ያለው ናፍጣ ጀነሬተሩ ውስጥ ነው፤ ጀነሬተሩ ደግሞ የእንግዳው አንደበት ነው። አዴ ሸጊቱ ወደ እኔ ቀረብ ብለው፣ ከንግግሩና ከእርሻው የትኛውን ነው የምትፈልገው? አሉኝ። ይህ ለጸሐፊ የሚቀርብ ጥያቄ ነው? «በመርሐ ግብሩ መሠረት» ብዬ ስጀምር ትተውኝ ሄዱ። ከድንኳኑ ጀርባ ዞረው ጀነሬተሩን አጠፉት።

የእንግዳው አፍ ለጥቂት ጊዜ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። የተረፈው ናፍጣ ቶላ በቀዳበት የጎማ ቱቦ ወደ ትራክተሯ ተመለሰ። ጋሽ ወርቁ የናፍጣ መስመሩ የሳበውን አየር አስወጥተው ቁልፉን አዞሩ፤ ሞተሩ ጥቁር ጭሱን ተፍቶ ተነሳ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እንግዳው ለእሳቸው መስሏቸው እጅ ነሡ።

ናፍጣው ለአዴ ሸጊቱ ማሳ በቃ፤ ለሁለተኛው ባለ ዕጣ አልበቃም። አመሻሽ ላይ ቃለ ጉባኤውን ጽፌ አዴ ሸጊቱ የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ ናቸውና እንዲፈርሙ አቀረብኩላቸው። ሳይነበብልኝ አልፈርምም አሉ። አነበብኩ፦ «በነዳጅ ጌጁ ብልሽት ምክንያት መጠነኛ መዘግየት የተፈጠረ ሲሆን፣ ጌጁ በአስቸኳይ እንዲቀየር ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል።»

አዴ ሸጊቱ አፈር የለበሰ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ጌጁን እንኳ ተዉት» አሉ፤ «ዛሬ እዚህ ሜዳ ላይ እውነት የተናገረ እሱ ብቻ ነው።»

ልክ ናቸው። ግን ውሳኔው ማኅተም አርፎበት ነበር። ጌጁ በሳምንቱ ተቀየረ።