የቀዩ አውሮፕላን ሪሞት

(የሟች አባታቸው የሥራ ክፍል። ነገ ቤቱ ለሌላ ሰው ስለሚተላለፍ ግድግዳው ዳር ካርቶኖች ተደርድረዋል። ጠረጴዛው ላይ ክንድ የሚያህል ቀይ የሞዴል አውሮፕላን ተቀምጧል። ሁለት ወንድማማቾች ይከራከራሉ፤ ታላቅየው ሬዲዮ ጠጋኝ ነው።)

ታናሽ፦ እኔ የምለው ክሩን ባትቆርጠው ጥሩ ነበር ነው።

ታላቅ፦ ክር፣ ክር፣ ክር! ከቀብሩ ጀምሮ ከአፍህ አልወጣም። ሪሞት ከሪሞት ጋር፣ አውሮፕላን ከአውሮፕላን ጋር አስቀመጥኩ። ይሄ ሥርዓት ይባላል።

ታናሽ፦ አባዬ ግን እያንዳንዱን ሪሞት ከአውሮፕላኑ ጋር ነበር ያሰረው።

ታላቅ፦ አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ካልሲውንም ከጫማው ጋር ያስር ነበር። ሃያ ዓመት ሬዲዮ የጠገንኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?

ታናሽ፦ አንተ ነህ ጋሼ።

ታላቅ፦ እንግዲያው ዝም ብለህ ስማ። ሪሞቱ ላይ የሞገዱ ቁጥር ስንት ይላል? ሁለት ነጥብ አራት። አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው መቀበያ፣ ሪሲቨሩ ላይስ? ሁለት ነጥብ አራት። አለቀ፣ ደቀቀ! ይግባባሉ።

ታናሽ፦ አንድ ሰፈር የሚኖር ሁሉ ይተዋወቃል እንዴ?

ታላቅ፦ አትፈላሰፍብኝ። ባትሪ አስገብተሃል?

ታናሽ፦ አስገብቻለሁ።

(ታላቅ የሪሞቱን ዘንግ ወደ ቀኝ ይገፋል። ቀዩ አውሮፕላን ፍንክች አይልም። ካርቶን ውስጥ የሆነ ነገር "ጭርር" ይላል።)

ታላቅ፦ አይጥ ገብቷል!

ታናሽ፦ ጋሼ፣ እማዬ ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ እየጠበቀች ነው። ከዚህ ቤት ከመውጣቴ በፊት ቀዩ አንዴ ይብረርልኝ ነው ያለችው። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ታላቅ፦ እኔስ እናት የለችኝም? (ወደ ግራ ይገፋል። ጭርር።) ኧረ ይሄ አይጥ!

ታናሽ፦ አይጡ አንተ እጅህን ስታንቀሳቅስ ብቻ ነው የሚንጫጫው።

ታላቅ፦ ፈርቶኝ ነዋ!

ታናሽ፦ (ካርቶኑን ከፍቶ) እስቲ ግፋ። አሁንም። የቢጫው አውሮፕላን ጭራ ነው የሚወዛወዘው።

ታላቅ፦ ለሱ ደግሞ ማን ባትሪ አስገባ?

ታናሽ፦ "አውሮፕላኖቹ ላይ ባትሪ አድርግ" አልከኝ። ሦስቱም ላይ አደረግኩ።

ታላቅ፦ አንተን ውኃ ቅዳ ቢሉህ ወንዙን ጠቅልለህ ትመጣለህ! ሌላውን ሪሞት አምጣ።

(ይገፋል። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ሰማያዊ አውሮፕላን ጭራውን ያወዛውዛል።)

ታናሽ፦ እያንዳንዱ የሚሰማው የራሱን ብቻ ነው ማለት ነው። የቀዩስ ሪሞት?

ታላቅ፦ አንድ የተሰነጠቀ ሪሞት ነበር። የማይረባ ስለሆነ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ደግሞ ጥፋቱ የሪሲቨሩ ነው፤ ተቃጥሏል። ካቻቢቴውን አቀብለኝ፣ ነቅዬ እጥለዋለሁ።

ታናሽ፦ አባዬ በእጁ የበየደውን?

ታላቅ፦ የሞተ ዕቃ ነው እያልኩህ!

(ካቻቢቴውን ሊያስገባ ሲል የቀዩ አውሮፕላን ጭራ በራሱ ይወዛወዛል።)

ታላቅ፦ (ወደ ኋላ እየዘለለ) ነካኸው?

ታናሽ፦ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው።

(የክንፎቹ ጠርዞች ከፍ፣ ዝቅ ይላሉ።)

ታላቅ፦ አባዬ! ይቅር በለኝ አባዬ! ሪሲቨርህን አልነካም! ክሩንም መልሼ አስራለሁ!

ታናሽ፦ (በመስኮት እያየ) ጋሼ፣ እማዬ ናት። ሪሞቱ ጭኗ ላይ ነው፤ አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገችው ነው።

ታላቅ፦ የጣልኩትን? ስታነሳው አይተሃል?

ታናሽ፦ አይቻለሁ። የቀይ ክር ቁራጭ እጀታው ላይ ቀርቶ ነበር።

ታላቅ፦ ታዲያ ምን ይዘጋሃል?

ታናሽ፦ ክር ባልኩ ቁጥር ዝም በል አልከኝ። እኔ ከክሩ ሌላ ምን አውቃለሁ?

ታላቅ፦ (ላቡን እየጠረገ) በል ሂድና ሪሞቱን ተቀብለህ ና። ማብረር ዕውቀት ይጠይቃል፤ እኔ አበርላታለሁ።

የእናት ድምፅ፦ (ከግቢ) አውሮፕላኑን ብቻ አውጡልኝ!

ታላቅ፦ ማን ሊያበረው ነው እማዬ?

የእናት ድምፅ፦ እስከ ዛሬ ማን ሲያበረው የኖረ መስሎሃል? አባታችሁ የሚያውቀው መሥራቱን ነው እንጂ፣ ማብረሩን በያዘ ቁጥር ዛፍ ላይ ነበር የሚሰቅለው!

(ታላቅ አውሮፕላኑን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ያነሳዋል። በሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል።)

ታላቅ፦ የቆረጥኩትን ክር... ጠረግከው?

ታናሽ፦ (እጁን ከኪሱ አውጥቶ ይዘረጋል፤ መዳፉ ላይ ቢጫ፣ ሰማያዊና ቀይ ክር አለ።) ሦስቱም አሉ።

ታላቅ፦ ጎበዝ። ሲያርፍ መልሰን እናስረዋለን። (ክሮቹን ትክ ብሎ አይቶ) የቀዩ አውሮፕላን የትኛው ነበር?

ታናሽ፦ ቀዩ ነዋ፣ ጋሼ።