ጋሽ መሸሻና የዳገቱ ጠረጴዛ

በዚህ ዓለም ላይ ያለው ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ የሚጥልና የሚያነሣ። የሚያነሣው ሰው የሌለበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም፤ ካለም እዚያ ሰፈር አንድ ነገር ሲሰበር ሰዉን ምን እንደሚውጠው እግዜር ይወቀው። ይህ ሰው መንገድ ሲሄድ ዐይኑ ከመሬት አይነሣም፤ ሰላም ቢሉት የሚመልሰው ለጫማዎ ነው። ድንገት ጎንበስ ይላል፣ አንድ የዛገ ብሎን ያነሣል፣ በኮቱ እጅጌ ይወለውለዋል፣ ኪሱ ይከተዋል። ምን ሊያደርግልህ ነው ቢሉት ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ «ይጠቅማል።»

የእኛ ሰፈር፣ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ ያለው ቁልቁለት፣ ይህን ሹመት የሰጠው ለጋሽ መሸሻ ነበር። ክቡር የውዳቂ ብረት ሚኒስትር እንላቸዋለን፤ በሌሉበት ነዋ። ግቢያቸው ሲገቡ መጀመሪያ የሚቀበልዎ የካሚዮን በር ነው፤ ካሚዮኑ የለም። ቀጥሎ ሦስት የአልጋ ራስጌ፣ መርፌም ጎማም የሌለው የስፌት መኪና እግር፣ ከዚያ ስሙን ለማንም ያልነገረ የብረት ዘር ሁሉ። ቆራሌው እንኳ «ቆራሌው!» እያለ ሰፈሩን ሲዞር እሳቸው በር ላይ ሲደርስ ድምፁን ይቀንሳል። ከዚያ ቤት ሸጦ እንጂ ገዝቶ ወጥቶ አያውቅማ።

ይባስ ብሎ ክረምት ሲገባ፣ ከአጥራቸው ሥር በሚያልፈው ቦይ ላይ የአልጋ ሽቦ ይገድባሉ። ጎርፉ ከላይ ሰፈር ጠርጎ የሚያመጣውን ሁሉ ሽቦው ያስቀርላቸዋል፤ ማንኪያ፣ የጫማ ተረከዝ፣ አንድ ጊዜማ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ጥርሱን አጥበው አጥራቸው ላይ ሰቅለው ባለቤቱን ሁለት ወር ጠበቁ። «ይሄ ምስኪን ያለ ጥርስ ክረምቱን እንዴት ይወጣዋል?» ይሉ ነበር።

ባለቤታቸው እትዬ ሠርካዲስ በዚህ ጉዳይ ሠላሳ ዓመት ተናግረዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔንም ከመንገድ አንሥተህ ያመጣኸኝ መሰለህ?»

«አንቺን እንኳ ሳትዝጊ ነው ያገኘሁሽ» ይላሉ ጋሽ መሸሻ። እትዬ ሠርካዲስ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ሳቃቸውን ለመደበቅ እንደሆነ ከአጥሩ ወዲህ ያለሁት እኔ አውቃለሁ።

ጋሽ መሸሻ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ ሃያ ስድስት ዓመት በያጅ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ የግድግዳ ሰዓት ተሸለሙ፤ በማግሥቱ ፈተው ባለ ጥርስ ጎማዎቹን በጣሳ በጣሳ ለዩ። ከዚያ ወዲህ ጓሯቸው ባለችው የቆርቆሮ ዳስ የሰፈሩን በር፣ የሰፈሩን ከሰል ምድጃ፣ የሰፈሩን ጋሪ ይበይዱ ነበር፤ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው። ወገባቸው ሁለት ክረምት ታገሠና በሦስተኛው አመፀ። ሐኪም ዘንድ ሄዱ። «ጎንበስ ማለት ይቅርብዎት» አላቸው። ለጋሽ መሸሻ ጎንበስ አይበሉ ማለት ለቄስ አይባርኩ እንደ ማለት ነው። ሐኪሙን አመስግነው ሲወጡ ከደጃፉ አንድ ሽቦ አነሡ።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ወይ ብየዳውን መተው፣ ወይ ቆመው የሚሠሩበት ጠረጴዛ ማግኘት ነበረባቸው። ብየዳውን ቢተዉ ምን እንደሚሆኑ አንድ ቀን ራሳቸው ነገሩኝ። «ሥራ የፈታ እጅ ከብረት በፊት ይዝጋል» አሉኝ።

እሳቸው ይህን ሲያወጡና ሲያወርዱ ነሐሴ ሰባ ስድስት ደረሰ። አብዮቱ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከተማው ቀለም ይቀባል፣ አጥር ይታጠራል፣ ሰዉ መፈክር ያጠናል። የቀበሌያችን የጽዳት ዘመቻ ኃላፊ ጓድ ፈድሉ በእሑዱ ስብሰባ ወረቀት አወጣ።

«ሦስተኛ፣ በጓድ መሸሻ ግቢ የተከማቸው ቆሻሻ ብረት በካሚዮን ተጭኖ ይወገዳል!»

ጋሽ መሸሻ እጃቸውን አወጡ። «ቆሻሻ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው ጓድ?»

«ጠረጴዛ ነው። የብየዳ ጠረጴዛ።»

«እኛ ያየነው ጠረጴዛ የለም።»

«ገና አልተያያዘማ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ይህን አልደብቅም። ጓድ ፈድሉም ስቆ ነው መሰል ለጋስ ሆነ። «እስከ ቅዳሜ ጠረጴዛ ሆኖ ከቆመ፣ እሱም የተረፈውም ብረት ይኑር። ካልቆመ ካሚዮኑ ሁሉንም ይጭናል» አለ።

ስድስት ቀን! እኔ በዚያ ሳምንት ሥራ ገባሁ ብል ውሸት ነው፤ አጥሩ ላይ ተሰቅዬ ከረምኩ። ለጠረጴዛው ፊት የአንድ የተቃጠለ ካሚዮን ወለል፣ ጣት የሚያክል ወፍራም ላሜራ አወጡ። ለክፈፉ የጎረቤታችንን የወይዘሮ ጽጌረዳን አሮጌ አልጋ ቆረጡ። አራቱ እግሮች አራት አገር ነበራቸው፤ አንዱ የውሃ ቧንቧ፣ አንዱ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ፣ አንዱ ከየት እንደመጣ የማይጠየቅ፣ አራተኛው ያ የስፌት መኪና እግር። ከታች እግርና እግር የሚያያይዘውን ብረት ሳየው ደነገጥኩ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እንቢ ብሎኝ አጥር ውስጥ የከተተኝና ረግሜ የጣልኩት የገዛ ብስክሌቴ ነበር።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ የእኔ ነው!»

«የአንተ ነበር። አንተን መሸከም ነው ያቃተው፤ ብረትማ ይሸከማል።»

ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈጉ፤ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሲባጎ ለኩ፤ ከዚያ ዝም ብለው እንደ መበየድ እዚህ ነካ፣ እዚያ ነካ እያደረጉ ይዞሩታል። «ብረት ሲሞቅ ያኮርፋል» አሉኝ። «አንድ ወገን ብቻ ካሞቅኸው ተጣሞ ይቀራል። መጀመሪያ በየማዕዘኑ ነካ ነካ አድርገህ ታባብለዋለህ፣ ኋላ ነው ማሰር።»

የብየዳ ማሽኑን መዳብ የጠቀለሉት በገዛ እጃቸው ስለሆነ፣ እሳቸው አንድ ጊዜ ሲበይዱ የሰፈሩ አምፖል ሁሉ አንገቱን ይደፋል፤ የሬዲዮውም ድምፅ ይሞታል። ጎረቤት ግን አንድ ቀን አልከሰሳቸውም። ሬዲዮው ንግግር ሲጀምር «ጋሽ መሸሻ ዛሬ አይበይዱም እንዴ?» የሚሉ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ስማቸውን ዛሬም አልናገርም።

አንድ ነገር ግን አላማረኝም። ዳሱ ያለው ዳገት ላይ ነው፤ እሳቸውም መሬቱን ሳይነኩ በታች በኩል ያሉትን ሁለት እግሮች ከላይኞቹ በስንዝር አስረዘሟቸው።

«መጀመሪያ መሬቱን ቢደለድሉትስ?» አልኳቸው።

«ዳገቱ ከእኔ በፊት የነበረ ነው። እሱን ማስተካከል ከጀመርኩ እንጦጦ ድረስ መሄዴ ነው።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ቆመ። ጋሽ መሸሻ ከኪሳቸው ሎሚ አውጥተው መሐሉ ላይ አስቀመጡ። ሎሚዋ ንቅንቅ አላለችም። ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው ቀና አሉ፤ መነጽራቸውን አደረጉና አንዲት ቁራጭ ብረት ይዘው ቆመው መበየድ ጀመሩ። ቀጥ ብለው ሲሠሩ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ለካስ ጋሽ መሸሻ ረጅም ሰው ናቸው!

ቅዳሜ ጓድ ፈድሉ መጣ። ጠረጴዛውን ገፋው፤ ተደገፈው፤ ወጥቶ ዘለለበት። «ቆሟል» ብሎ ጻፈ። ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም እዚህ ላይ ባበቃሁ። ነገር ግን ሰኞ ዕለት ከቀበሌው ሱቅ የስኳር ወረፋ ውስጥ «ያ ጠረጴዛ የሚያምረው ለቀበሌው አዳራሽ ነው» የሚል ወሬ ተነሣ። ማን እንዳስነሣው አይታወቅም። ከቀትር በፊት ጓድ ፈድሉ ጆሮ ገባ፤ ከቀትር በኋላ ስምንት ሸክም የለመዱ ጎረምሶች ጋሽ መሸሻ ግቢ ገቡ። ለበዓሉ ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች ይመጣሉ፤ ፊታቸው የሚቆም ጠረጴዛ ያስፈልጋል።

«ጓድ ፈድሉ፣ ይህ ጠረጴዛ ሌላ ቦታ አይሆንም» አሉ ጋሽ መሸሻ።

«የሰፊው ሕዝብ አዳራሽ ሌላ ቦታ ሆነብዎት?»

በዚያ ዘመን ከሰፊው ሕዝብ ጋር ክርክር አይገጠምም። ጋሽ መሸሻ ሎሚያቸውን ከላዩ አንሥተው ኪሳቸው ከተቱና መንገድ ለቀቁ። በማግሥቱ አጥሩ ላይ ሆኜ ሳይ፣ እንደገና መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው የአንድ ምድጃ እግር ይበይዳሉ፤ በየመሐሉ ወገባቸውን ይዘው ያርፋሉ። ሠላሳ ዓመት ብረት የረገሙት እትዬ ሠርካዲስ በራፉ ላይ ቆመው «ባዶ ቦታ እንዲህ ያስጠላል እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። ቶሎ ከአጥሩ ወረድኩ። ማየት አልቻልኩም።

አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። የአዳራሹ ወለል ልስን ሲሚንቶ ነው፤ ጠረጴዛው እንደ ሰካራም ወደ በሩ ያዘነብላል። ኮሚቴው መክሮ ከአጫጭሮቹ እግሮች ሥር ቀይ ልባስ ያላቸውን፣ ማንም ገልጦ ያላነበባቸውን ወፋፍራም መጻሕፍት ደረደረ፤ ከላዩ ቀይ ጨርቅ አለበሰና ሥራ ተጀመረ። እስከ ረቡዕ ድረስ መጻሕፍቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አገልግሎት ሰጡ። ረቡዕ ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ጣራው አፈሰሰ፤ መጻሕፍቱ ረጠቡና ተንሸራተቱ። ጠረጴዛው ዘፍ ሲል ቀለሙ፣ ደወሉ፣ የውሃው ብርጭቆ፣ በመጨረሻም ባለ እንጨት እጀታው የቀበሌው ማኅተም በሰልፍ ወረዱ። ማኅተሙ ከደፉ ላይ አንዴ ነጥሮ ውጭ ያለው ቦይ ውስጥ ገባ። ጎርፉም ይዞት ሄደ።

ማኅተም ጠፋ ማለት ያኔ ጃንጥላ ጠፋ እንደ ማለት አልነበረም። በማን እጅ ገባ? ለምን ዓላማ? ተብሎ ይጠየቃል፤ ጠያቂዎቹም ቀልድ አያውቁም። ጓድ ፈድሉ አመድ መሰለ። ግማሹ ቀበሌ ዱላ ይዞ ቦዩን ሲቆፍር ዋለ፤ ሁሉም ግን አዳራሹ አካባቢ ነበር የሚፈልገው።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ መሸሻ ብስብስ ብለው ደረሱ። አንድ ነገር በኮታቸው እጅጌ እየወለወሉ ነበር።

«ከሽቦዬ ላይ ነው ያገኘኋት» አሉና ማኅተሙን ጓድ ፈድሉ መዳፍ ላይ አኖሩ። «ትጠቅማለች ብዬ አነሣኋት።»

«ጋሼ!» አለ ፈድሉ። አሥር ዓመት ሙሉ ከአፉ ያልተለየው «ጓድ» የት እንደገባ እንጃ። «ጋሼ፣ ምን ላድርግልዎት?»

«ምንም። ብቻ ያ ጠረጴዛ እዚህ ከቆየ ነገም አንድ ነገር መጣሉ አይቀርም። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ሽቦው ጋ አልገኝም።»

ቃለ ጉባኤው ዛሬም ካለ ሄዳችሁ አንብቡት፤ «ጠረጴዛው ከአዳራሹ ወለል ጋር ሊስማማ ባለመቻሉ ወደ ነበረበት ዳገት እንዲመለስ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ይላል። እነዚያው ስምንት ጎረምሶች እያማረሩ አወረዱት። አራቱ እግሮች መሬቱ ላይ የተዉትን ጉድጓድ አላጡትም። ሎሚዋ ተቀመጠች። አልተንቀሳቀሰችም።

እግሮቹን ያስረዘሟቸው ዳገቱን ብለው ነው ወይስ የሰውን ባሕርይ አስቀድመው አውቀው? ይህን ስንት ጊዜ ጠየቅኋቸው። «እኔ ብረት እንጂ ነገር አልበይድም» ይሉኛል።

በመስከረም መጨረሻ የቤቴ በር ማጠፊያ ተሰበረ። እንደ ልማዴ ልጥለው አነሣሁትና ተውኩት፤ ይዤው ወደ ጋሽ መሸሻ ሄድኩ። ቀጥ ብለው ቆመው የወይዘሮ ጽጌረዳን አዲስ አልጋ እየበየዱ ነበር። ደጅ ላይ ሁለት በርና አንድ ጋሪ ተራ ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ ሆዴ ውስጥ ከማጠፊያው የከበደ ነገር ነበረኝ።

«ጋሼ፣ ያን ወሬ በስኳር ወረፋ ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ጠረጴዛዎትን አይቼ ኮርቼ ነው፤ ኩራቱ ወደ አፌ መጣና...»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። «አውቃለሁ» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እዚህ ሰፈር እንዲህ አሳምሮ የሚያወራ ሌላ ሰው አለ እንዴ?»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ? ለምን ከአጥሩ አላባረሩኝም?»

ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ፤ ቦይ ውስጥ ያገኙትን የዛገ ቧንቧ ሲያገላብጡ እንደሚያዩት አድርገው። ከዚያ ማጠፊያውን ከእጄ ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙትና መነጽራቸውን መለሱ።

«ትጠቅማለህ» አሉ። «ና፣ ይህችን ጫፍ ያዝልኝ።»

ያዝኩ።