ክብርት ወይዘሮ ካልተባለ

መጀመሪያ ያየሁት ማንኪያቸውን ነው። ሥራ በጀመርኩበት ጠዋት ሻይ ቀዱልኝና ሳይጠይቁኝ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመሩበት። «ካልተባለ ሁለት ነው» አሉኝ።

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሰው ሳይናገር የተወውን የሚሞላ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛዋ፣ በክሊኒካችን የኮምፒውተር ክፍል ሃያ ዓመት ኮድ የጻፉት፣ ክብርት ወይዘሮ ካልተባለ የምንላቸው ሴት ናቸው።

ለታካሚ የቀጠሮ ማስታወሻ የሚልከውን ፕሮግራም የጻፉት እሳቸው ናቸው። ሠራተኛው ሰዓቱን ሳይሞላ ቢተወው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ብለው አስቀድመው አስቀምጠውለታል። የአክብሮት መጠሪያውን ቢዘነጋው፣ «ውድ» ብለው ሞልተውለታል።

«ሰው ይረሳላ! ስለረሳ ሁሉ ነገር ቀጥ ይበል?» ይላሉ።

ግጥም እጽፋለሁ፤ ለማያውቁት ሰው መርሳት እንዲህ የሚራራ ነገር ግን በኮድ ቅንፍ ውስጥ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ምሳ በልቻለሁ ካላልክ፣ ለእሳቸው አልበላህም፤ ያበሉሃል። ጃንጥላ ካልያዝክ የእሳቸውን ያስይዙሃል። አንድ ቀን ዘበኛው ስለ ልጁ ሲጠይቁት ዝም ቢላቸው፣ «ካልተባለ ታማለች» ብለው ብርቱካን ይዘው ቤቱ ድረስ ሄዱ። ልጅቱ ሰርግ ቤት ስትጨፍር ነበር።

እኔም ልኮርጃቸው አልኩ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ በማስታወሻው ላይ የመድኃኒት ዝርዝር ያልተሞላለት ታካሚ በባዶ ዝርዝር እንዲጀምር ጻፍኩ። ለካ ኮምፒውተሩ ያንን ባዶ ዝርዝር የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው፤ ለሁሉም ያንኑ ያቀብላል! ስንሞክረው የአንድ አዛውንት የደም ግፊት ኪኒን እዚያው ቀርቶ፣ ቀጥላ በመጣችው የሦስት ወር ሕፃን ማስታወሻ ላይ ወጣ።

አለቃችን የሕፃኗን ማስታወሻ በወረቀት አትመው ይዘው ገቡ።

«ይሄን ማነው የጻፈው? ነገ እንዲህ ሆኖ ቢላክስ?»

በቃ፣ ተባረርኩ አልኩ በልቤ። መልሱን እንዲሞሉልኝ ወይዘሮ ካልተባለን አየኋቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ መልሰው ገጠሙት። ወደ እኔ ዘንበል ብለው በሹክሹክታ፣

«የኔ ልጅ፣ ይሄኛውን ባለቤቱ ነው የሚሞላው።»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

አለቃችን ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «እስከ ምሳ አስተካክለው» አሉና ወደ በሩ ሄዱ። «ነገም በሰዓቱ ግባ።»

ወይዘሮዋ ወንበራቸውን ሳቡ። ለየታካሚው አዲስ ዝርዝር የሚሠራውን መስመር አብረን ጻፍን። ሕፃኗ ከኪኒኑ ነፃ ስትወጣ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«እትዬ፣ እንዴት አስችሎዎት ዝም አሉ?»

«‹የእኔ ነው› የሚለው እዚህ ደርሶ ነበር» አሉ፣ ጉሮሯቸውን በጣታቸው እየነኩ። «ሁለተኛ እንዲህ አታስጨንቀኝ!»

መነጽራቸውን በሻርፓቸው ጫፍ እየጠረጉ በኮሪደሩ ሄዱ፤ እስኪታጠፉ ድረስ መነጽሩን መልሰው አላደረጉትም።