ነዳጅ ቆጣቢው ተፈራ

ነዳጅ ቆጣቢ ሾፌር አጋጥሟችሁ ያውቃል? ከደብረ ብርሃን ጎረቤላ የሚመላለሰው ተፈራ አንደኛው ነበር። ሞተሩ ሳይጮህ ቶሎ ማርሽ መጨመር ነዳጅ እንደሚቆጥብ ለተሳፋሪው ሁሉ ይሰብካል፤ እስከዚህ እውነቱን ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ማርሹን አውጥቶ፣ ፎሌ አድርጎ፣ ሚኒባሱን ዝም ብሎ ይለቀዋል።

አንድ ቀን ተሳፍሬ ቁልቁለቱን ስንወርድ ከኋላዬ የተቀመጡት መምሬ ወልዴ፣ «ልጄ፣ ኧረ ማርሽ አስገባ!» አሉት።

«አባ፣ ቁልቁለት እኮ የእግዜር ነዳጅ ነው!» ብሎ ሳቀ።

ብዙም ሳንርቅ፣ ያለ ማርሽ መኪናውን ብቻውን ይዞ የነበረው ፍሬን ግሎ እምቢ አለ። ተፈራ ማርሽ ለማስገባት ቢታገል አልገባለትም። ገደሉን ሲሸሽ ከተራራው ጋር አላተመን። ሌሎቻችን ተርፈን ወጣን፤ መምሬ ወልዴ ግን እዚያው አረፉ።

በቀብሩ ላይ ባለቤታቸው ተፈራን ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ያን ቀን የቆጠብከው ነዳጅ የት ያደርስሃል?» አሉት።

ተፈራ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ።