ደርሶ መልስ የሚጠይቀው ተከራይ

አገር ምድሩን ቢያስሱት፣ የተነገረውን እንደተነገረ የማይቀበል አንድ ሰው ያልደረሰው ሰፈር አይገኝም። ለጭሮ የደረሳት፣ የእማማ ሀሊማን የጓሮ ክፍል የተከራየው ክቡር ኢንጂነር ኃይለሚካኤል ነው። «ክቡር» ያሉት እማማ ሀሊማ ናቸው፤ በተናደዱበት ቁጥር ማዕረግ ይጨምሩለታል።

ከደብረ ማርቆስ የመጣው ለቆላው ውሃ ሊፈልግ ነው። ጥያቄው አንዲት ናት። ሚኒባስ ተራ ሄዶ ገለምሶ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ይጠይቅና ሲነግሩት፣ «የመሄጃው ብቻ ነው ወይስ የደርሶ መልስ?» ይላል። ረዳቱም «አቦ፣ መጀመሪያ ሂዳ!» ብሎ በሩን ይዘጋበታል። እማማ ሀሊማ ጉልበታቸውን አሟቸው ጤና ጣቢያ ደርሰው ሲመለሱ፣ እግዜር ይማርዎት ከማለቱ በፊት ያችኑ ጠየቃቸው። ጭራሽ አንድ ቀን ቀብር ላይ መቃብሩ ሩቅ ነው ሲባል፣ ከሰልፉ መሃል ጠየቀ! ጎረቤታቸው ጫት ነጋዴው መስዑድ አፉን በፎጣው ከልሎ፣ «ለሟቹ የመሄጃው፣ ለኛ ኢንሻአላህ የደርሶ መልስ» አለው።

«እንዴት ልተወው እማማ? እንጀራዬ እኮ ነው» ይላል ሲቆጡት።

እውነቱን ነው። ሜዳ ላይ ብረት አስቀምጠው በከባድ መዶሻ ይመቱታል። ድምፁ መሬት ውስጥ ወርዶ፣ ከድንጋይ ተላትሞ ሲመለስ፣ አፈሩ ላይ የተተከሉ መስሚያዎች ይቀበሉታል። ኮምፒውተሩ ከዚያ የመሬቱን ሆድ ይስላል፤ ሥዕሉ ታዲያ በሜትር አይደለም፣ ድምፁ ደርሶ እስኪመለስ በፈጀው ጊዜ ነው። ጊዜውን ወደ ሜትር ለመለወጥ ድምፁ በየድንጋዩ ምን ያህል እንደሚፈጥን መታወቅ አለበት። ይሄንን በአቅራቢያው ባለ የቆየ ጉድጓድ መስሚያ አውርደው፣ ድምፁ ከላይ እስኪደርሰው የፈጀውን ጊዜ ለክተው ያመጡታል። ኃይለሚካኤል ልኩን በቀይ ነጥብ ሥዕሉ ላይ ያለብሰዋል፤ ነጥቡ ከድንጋዩ መስመር ጋር ሲገጥም ጥልቀቱ ታወቀ ማለት ነው። እማማ ሀሊማ ይህን ሁሉ ያወቁት ፈልገው አይደለም፤ እራት በቀረበ ቁጥር ስለሚነገራቸው ነው።

የዚያን ሰሞን ግን ራሳቸው ይጠይቁት ነበር። ታናሽ እህታቸው ሳጂዳ ያለችው ከሚኤሶ ወዲያ፣ ውሃ በቦቴ ሲመጣ የሚጠጣበት፣ ቦቴው ሲቀር የሚጠማበት መንደር ነው። መሬቱ የተመታው እዚያ ነው። ኃይለሚካኤል አንድ ቀን አንገቱን ደፍቶ ገባ።

«እማማ፣ የእነሳጂዳ ውሃ ጥልቅ ነው። መቆፈሪያችን አይደርስበትም። ማሽኑ ነገ ወደ በደሳ ይነሳል።»

ሳጂዳ በስልክ ሲነግሯት «አላህ ያውቃል» አለች። ማልቀሷን እማማ ሀሊማ ከድምጿ አወቁት።

በማግስቱ ጠዋት፣ እዚያ ቆላ ማሽኑ ሲጫን፣ ኃይለሚካኤል በረንዳው ላይ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ከራሱ ጋር ይጣላል። ነጥቦቹ መስመሩ ላይ አልቀመጥ ብለውታል። ኮምፒውተሩን ሰደበ፣ መብራት ኃይልን ሰደበ፣ አዲስ አበባ ያለውን የሥራ ባልደረባውን ሳሚን ሰደበ። ድንገት እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳ።

«እማማ።»

«አቤት፣ ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መሰለ።»

«የጉድጓዱ ልክ… የመሄጃው ብቻ ነበር። ሥዕሉ የደርሶ መልስ ነው። ልኩን እጥፍ ማድረግ ነበረብኝ።»

እማማ ሀሊማ አፋቸውን ያዙ። «አንተ? አንተ ራስህ? ወላሂ፣ ጭሮ ይህን ከሰማች ያንተ መግቢያህ የት ነው!»

«የደርሶ መልሱን ጊዜ ሁሉ እንደ መሄጃ ቆጥሬዋለሁ። ውሃው ካልኩት ግማሽ ላይ ነው፤ መቆፈሪያው ይደርስበታል» አለ። እማማ ሀሊማ መሳቁን ተዉት።

መስዑድ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ይሰማ ነበር። «አቦ፣ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው በላቸው! ኮምፒውተር አይከስህም።»

«ኮምፒውተሩ ያዘዝኩትን ነው የሠራው» አለና እዚያው ቆሞ አለቃው ዘንድ ደወለ። «ስህተቱ የእኔ ነው፣ ጌታዬ። የማንም አይደለም። ማሽኑን ያስቁሙልኝ።» የአለቃው ጩኸት ከስልኩ ወጥቶ አጥሩን ተሻገረ። መስዑድ እንኳ አንገቱን መለሰ። ኃይለሚካኤል ጩኸቱን እስኪያልቅ ሰምቶ፣ ጫማውን አስሮ፣ የጭነት መኪና ለምኖ ወደ ቆላ ወረደ።

ማሽኑ ቆመ። እሱም ሽማግሌዎቹ ፊት በተሰባበረ ኦሮምኛው መሳሳቱን ተናገረ። ሳጂዳ ደውላ፣ «እቴ፣ ልጅሽ ላብ በላብ ሆኖ ነው ያወራው። ካንገቱ በላይ የሚያወራ መሐንዲስ ብዙ አይተናል፤ አጠፋሁ ያለን ግን ይሄ ነው» አለች። ቁፋሮውም ተጀመረ፤ ውሃው ፈነዳ፣ አልሀምዱሊላህ።

ሳጂዳ ከመጀመሪያው ውሃ በጄሪካን ሞልታ በሚኒባስ ለጭሮ ላከች። ኃይለሚካኤል ጄሪካኑን እንዳየ እጁን ዘረጋ። «ላብራቶሪ ሳይታይ አይጠጣም እማማ፣ መጀመሪያ ናሙና…»

እማማ ሀሊማ ኩባያውን ቀድመው ሞልተው ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡ። ስንት ዓመት ሙሉ እህታቸው በጀርባዋ የተሸከመችውን ጥም አሰቡ፤ ይህን እንቅልፍ የሚነሳ፣ ሰው የሚያሰለች ልጅ ወደ ቤታቸው ያመጣውን ጌታም አመሰገኑ።

«እንዴት ነው?» አለ፣ እንደ ተፈታኝ ቆሞ።

ውሃው ትንሽ ጨው ጨው ይላል።

«ማር ነው» አሉት። እውነቱን ቢነግሩት መዶሻውን አንስቶ እንደገና ሊወርድ ነው።