ጋሼ ኦስሞሲስ ዝም ያሉ ዕለት

ሊፍቱ የማይሠራ ሕንፃ ሞልቷል፤ ውሃ በሳምንት አንዴ ብቅ የሚልበትም ሞልቷል። ሁሉን አዋቂ ጎረቤት የሌለበት ሕንፃ ግን እስካሁን አልተሠራም። መሐንዲሱ በፕላኑ ላይ ባያሰፍረውም ከመሠረቱ ጋር አብሮ ይበቅላል። አንዱ ሕንፃ ስለ መኪና የሚያውቅ ይደርሰዋል፣ ሌላው ስለ መድኃኒት፣ ሌላው ስለ መንግሥታት ሚስጥር። አበባ ሻጯ ከሥሩ ሱቅ ለከፈተችበት ባለ አራት ፎቅ የደረሱት ክቡርነታቸው ግን የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጣጣው ያቺ አንዲት ነገር ለሁሉም ጥያቄ መልስ መሆኗ ነው።

«ጋሼ ኦስሞሲስ» ነው የሚባሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል፤ አፋቸው ግን ጡረታ አልወጣም። «ውሃ የሟሟ ነገር ካነሰበት ወደ በዛበት፣ በስስ ሽፋን ሾልኮ ይሄዳል። ጨው በለው፣ ስኳር በለው። አለቀ!» ይላሉ። አያልቅም። አራተኛ ፎቅ ጎረቤታቸው ነርሷ አውቶቡስ ሊያመልጣት ስትሮጥ ደረጃው ላይ አቁመው፣ ሰው ባዶውን አውቶቡስ ትቶ የሞላው ላይ ለምን እንደሚጋፋ ያስረዷታል፤ ባዶውም የሞላውም ያመልጣታል። የጎረቤታቸው የሾፌሩ ልጅ ስታገባ «አንድ ቃል ይበሉ» ተብለው ማይክ ቢሰጣቸው፣ ሙሽሮቹን በሁለት ብርጭቆ ስኳር ውሃ መስለው ማን ወደ ማን እንደሚፈስ ሲተነትኑ የሙሽራዋ እናት ማልቀስ ጀመሩ። እሳቸው ምን ተዳቸው! ወዲያው ወደ እንባው ዞሩ። «እንባ ጨው አለው፤ ልብ በሉ!»

አበባ ሻጯማ በየማለዳው የእሳቸው ድርሻ ነበረች። ሱቋን ስትከፍት ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።

«ልጄ፣ ይህ ጽጌረዳ ቀጥ ብሎ የቆመው በምንድን ነው? በአጥንት ነው?»

«በውሃ ነው ጋሼ።»

«በውሃማ ነው! ውሃው እንዴት ገባ?»

ይህን ጊዜ ገዢ ብቅ ይላል፣ ያዳምጣል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ሳይገዛ እግሬ አውጪኝ ይላል። እሷም «እህ... እህ...» እያለች ሪባን ትቆርጣለች። ትምህርቱን አርባ ጊዜ ሰምታዋለች፤ አንድም ጊዜ አላዳመጠችውም።

ነገሩ የፈላው በእንቁላል ነው። ጋሼ እንቁላል ሆምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፈው ቅርፊቱን ያሟሙና፣ ስሱ ሽፋን ብቻ የቀረውን ንጹህ ውሃ ውስጥ ይተዉታል፤ ውሃው ወደ ውስጥ ይገባና እንቁላሉ ያብጣል። ሕዝብ ይማርበት ብለው በየፎቁ ደረጃ ላይ አንድ አንድ ብርጭቆ አኖሩ። የሦስተኛው ፎቅ ብርጭቆ ተገለበጠ። የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ መቶ ሃያ ኪሎ ከነክብራቸው፣ በአዲስ ሱፍ ከላይ ሲወርዱ ያንን ያበጠ እንቁላል ረገጡና ሁለተኛ ፎቅ ያለው የራሳቸው ቤት በር ላይ ተቀምጠው ደረሱ።

በዚያው ሳምንት ስብሰባ ተጠራ። ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ «ያ ቃል ከዛሬ ጀምሮ በሕንፃውና በግቢው ክልል ውስጥ እንዳይነገር፣ እንዳይብራራም። ያጠፋ ሰው አንድ ሳምንት ደረጃ ይጠርጋል።» ሁሉም ፈረመ። አበባ ሻጯ ሁለተኛዋ ፈራሚ ናት። ጋሼም ራሳቸው የጎደለ ነጠላ ሰረዝ ጨምረው ፈረሙ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበር መሳብ ተዉ። «ደህና አደርሽ ልጄ» ብለው ያልፋሉ፤ በቃ። የመጀመሪያው ሳምንት ገነት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሪባን ስትቆርጥ፣ ማንም በሌለበት «እህ... እህ...» ማለት አመጣች።

ጉዱ የመጣው ይሄኔ ነው። አዲስ የሚመረቅ ቤተ መጻሕፍት ስድሳ የአበባ መትከያ ከነአበባው አዘዛት። ሦስት ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው ትእዛዝ ነው፤ ካማረ በየወሩ ይቀጥላል፣ ከተበላሸ ሱቁን ከመዝጋት ሌላ ምርጫ የላትም። ታዲያ አበቦቹ ይበልጥ እንዲፈኩላት ፈለገች። የማዳበሪያው ጣሳ ላይ «ለአንድ ባልዲ ውሃ አንድ ማንኪያ» ይላል። አንድ ማንኪያ እንዲህ ከጠቀመ ብላ ጣሳውን ሙሉ ባልዲው ውስጥ ገለበጠችውና ሁሉንም አጠጣቻቸው። ጠዋት ስትመጣ፣ መኪና እንዲጭናቸው ግቢው ውስጥ የደረደረቻቸው ስድሳውም አንገታቸውን ደፍተዋል። ጠምቷቸው ነው ብላ ሌላ ጣሳ ከፍታ እንዲሁ በጥብጣ ደገመቻቸው። ባሰባቸው።

«አፈሩ ጭቃ ሆኖ እንዴት ነው የሚጠማችሁ?» ብላ ጮኸችባቸው። መኪናው አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል። ሌላ ማን አላት? ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች አራተኛ ፎቅ ወጣች።

ጋሼ በነጠላ ጫማ ተከትለዋት ወረዱ። ከአንዱ መትከያ አፈር በጣታቸው ጫፍ ነክተው ቀመሱና ቱፍ አሉ። ባዶውን ጣሳ አዩ። ዓይናቸው በራ፣ አፋቸው ተከፈተ። ከዚያ ሊቀመንበሩ በረንዳ ላይ ቆመው ቁልቁል ሲመለከቷቸው አዩና አፋቸውን ገጠሙት።

«ጋሼ፣ ይናገሩ እንጂ!»

«ፈርሜያለሁ ልጄ።»

«እሺ ምን ላድርግ?»

ወደ ቧንቧው ጠቆሙ፤ ጣቶቻቸውን እንደ ዝናብ አወረዷቸው።

«ውሃ? ጭቃ ላይ ውሃ? ሊያሰምጧቸው ነው እንዴ? ምክንያቱን ካልነገሩኝ አንዲት ጠብታ አላፈስም!»

ጋሼ ምክንያት የሌለው መልስ በሕይወታቸው ሰጥተው አያውቁም፤ ቃላቸውንም አጥፈው አያውቁም። ግቢውን አዩ፣ በጩኸቷ የተሰበሰበውን ሰው አዩ፣ አንዴ አጨበጨቡ።

የሱቁን አንዱን መዝጊያ ገፋ አድርገው ዘጉት፤ በቀረው ክፍተት የሚያልፈው ቀጭን ሰው ብቻ ነው። አንዱን አበባ ከነሥሩ መዝዘው ሥሩን አሳዩ፣ ሱቁን አሳዩ፤ ሱቁ ሥር ሆነ። አፈሩን አሳዩ፣ ግቢውን አሳዩ፤ ግቢው አፈር ሆነ። ቀጫጭኖቹን፣ ነርሷን፣ ሾፌሩንና አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ ስምንት የኮሌጅ ተማሪዎችን፣ የውሃ ባልዲ እየነካኩ ሱቁ ውስጥ አጎሯቸው፤ እነሱ ውሃ ሆኑ። ሊቀመንበሩን ደግሞ እጅ ነስተው ከበረንዳ አስወረዱና ግቢው መሃል አቆሟቸው።

«እኔስ ምንድን ነኝ?» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

ጋሼ የማዳበሪያውን ጣሳ አስታቀፏቸው።

ከዚያ ሊቀመንበሩን በክፍተቱ ለማስገባት ገፏቸው፤ በሆዳቸው ተያዙ፣ ተመለሱ። ነርሷ ግን ሹልክ ብላ ወጣች፤ ጋሼ የሊቀመንበሩን እጅ አስያዟት። የያዘ አይመለስም። ተማሪው ወጣ፤ ኮታቸውን ያዘ። ሌላው ወጣ፤ ቀበቷቸውን ያዘ። ዘጠኝ ሰው ሊቀመንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሱቁ ውስጥ ሾፌሩ ብቻውን ቀረ። ጋሼ በዓይን ጠቀሱት፤ አንገቱን ደፍቶ ወለሉ ላይ ተዝለፈለፈ።

አበባ ሻጯ ጭንቅላቷን ያዘች።

«በሞትኩት! ውሃው ማዳበሪያ ወደበዛበት ሾልኮ እየወጣ ነው! አጠጣኋቸው ስል ያላቸውንም እያስመጠጥኩባቸው ነው!»

በአርባ አንደኛው ገባት። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ዓይናቸውንም ጠረጉ። ከዚያ ቀና ብለው በሁለት እጃቸው በየበረንዳው የቆመውን ሁሉ ጠሩ። ሕንፃው ተገልብጦ ወረደ። ሰው እንደ ጎርፍ ግቢውን ሞላና ሊቀመንበሩን ከነጣሳቸው እየገፋ በውጪው በር ወስዶ መንገድ ላይ ጣላቸው። «ተዉ! ኮሚቴ ነኝ እኮ!» ይላሉ። ኮሚቴነት አላዳናቸውም፤ ታጥበው ወጡ። ግቢው ውስጥ የቀሩት ውሃዎችም ቀለል ብሏቸው በክፍተቱ ወደ ሱቁ ተመለሱ፤ ሾፌሩ ብድግ አለ።

ዕድል ሆኖ ያን ዕለት ቧንቧው ውሃ ነበረው። ሁሉም ባልዲ አነሳ። መትከያዎቹ ሥር ካለው ቀዳዳ የሚንጠባጠበው ውሃ ኩልል እስኪል ድረስ ንጹሁን ደጋግመው ለቀቁባቸው፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። አበባ ሻጯ ጥፍሯን በልታ ጨረሰች። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንዷ አንገቷን ቀና አደረገች፤ ከዚያ ሌላዋ። መኪናው ሲመጣ ሃምሳ ስድስቱ ቆመው ጠበቁት። አራቱን አልቅሳ ጣለቻቸው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሰውዬ ሳይቆጥር ፈረመ።

«ጋሼ፣ ምን ልበልዎት?» ብትላቸው ትከሻዋን መታ አድርገው ወደ አራተኛ ፎቅ ወጡ። የነጠላ ጫማቸው ኮቴ በባዶው ደረጃ ሲሰማ አንጀቷን በላው። እውነቱ ይነገር፤ ሰውዬው ናፍቀዋታል።

በማግስቱ ጠዋት ሁለተኛ ፎቅ ወጣች፣ ሊቀመንበሩ በር ፊት ለፊት ቆመች፣ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ኦስሞሲስ!»

በሩ ተበረገደ። «ሰማሁ! አንድ ሳምንት!»

መጥረጊያውን ይዛ ከላይ ጀመረች። ጋሼ በራቸውን ከፍተው አዩዋት። ወንበር አወጡ፣ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እንዲያው ሁለት ፈሳሾች ቢኖሩ...» ብለው ጀመሩ፤ መሃል ላይ ግን ፍርሃት ያዛቸውና ቆሙ። «ይህም... ይህም የሚባለው...»

«ኦስሞሲስ!» አለችላቸው ጮክ ብላ።

«ሁለት ሳምንት!» የሚል ድምፅ ከታች መጣ።

አሁን የጠረገችውን ደረጃ በዝግታ እንደገና ጠረገችው።

«እሺ ጋሼ፣» አለች፣ «ከዚያስ?»